አንድ መምህር፥ ሦስት ክፍል



ባለፈው ወር በገጠር ከሚኖሩ አንድ የቤተሰብ አባት ደብዳቤ ደርሶኛል። አሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። የዐሥር ዓመት ልጃቸው በመንደራቸው በምትገኘው ትንሽ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። የትምህርት ቤቲቱ ተማሪዎች ጥቂቶች፥ መምህራኑም ከዚያ ያነሱ ስለ ሆኑ፥ የሁለተኛ፥ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች ባንድ ቤት ተቀምጠው ካንድ መምህር ይማራሉ። አባትየው እንዲህ ይላሉ፤ «ልጄን ወደ ትምህርት ቤት የላክሁት እንዲማር እንጂ የታናናሾቹ ሞግዚት እንዲሆን አይደለም። በከተማ የምትኖረው እኅቴ፥ ልጁን ስጠኝና እንደ እኩዮቹ በክፍሉ ይማር ትለኛለች። እናቱ ግን ገና ልጅ ነው፥ ከጕያዬ አይወጣም ብላ አልቅሳ እንቢ አለች። እርስዎ መምህር ነዎትና ይፍረዱን።»

ባልና ሚስት በልጃቸው ነገር ሲከራከሩ ከሩቅ ሆኖ መፍረድ አይገባም። የልጁን ጠባይ፥ የእኅትየውን ቤት፥ የመምህሩንም ትጋት በዐይኔ አላየሁም። ሆኖም ብዙ ዘመን እንዲህ ባለው ክፍል ስላስተማርሁ፥ ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ፥ በምን እንደሚጠቅምና በምን እንደሚጐዳ ልገልጽላቸው እችላለሁ። ፍርዱን ከዚያ በኋላ አባትና እናት ተቀምጠው ይስጡ።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ ልዩ ልዩ ዕድሜ ያላቸው ልጆች ባንድነት መማራቸው ለሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር በዛፍ ጥላ ሥር የተማርን ሁሉ እናስታውሰዋለን። አንዱ ሀሁ ይቈጥራል፤ ሁለተኛው አቡጊዳ ይላል፤ ሦስተኛው መልእክተ ዮሐንስን በግእዝ ንባብ ይጀምራል፤ ሌላው በውርድ ንባብ፥ ሌላውም በቁም ንባብ ይከተላል፤ ከፍ ያለው ዳዊት ይደግማል። የኔታ ከመካከል ተቀምጠው የሁሉንም ድምፅ ባንድ ጊዜ ይሰማሉ፤ የተሳሳተው ድምፅ ብቻ ከጆሯቸው ገብቶ ቀና ያደርጋቸዋል። ያን ጊዜ «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ «ምን ላይ ደረስህ?» ይባል ነበር እንጂ። ልጁ ወደሚቀጥለው የሚሻገረው ዓመቱ ስላለቀ ሳይሆን፥ የያዘውን ስላጠናቀቀ ነው። እኔም ፊደል የቈጠርሁት ከየኔታ አፍ ብቻ አይደለም፤ በዕድሜ ሦስት ዓመት ያህል ከሚበልጠኝና ዳዊት ይደግም ከነበረ ልጅ ጭምር ነው።

ይህን ስል ያለፈውን ሁሉ ለማመስገን አይደለም። አለንጋው ነበረ፤ ትርጕሙን ሳያውቁ ቃሉን ብቻ ማነብነብም ነበረ። ደግሞም በዚያ የነበረው ትምህርት አንድ መንገድ ነው፤ ልጁ የሚያነበውን በጕሮሮው ያሰማል፤ መምህሩም ወዲያው ያርመዋል። በዛሬው ትምህርት ቤት ግን ቋንቋ፥ ሒሳብ፥ ሳይንስና ሌላውም ስላለ፥ አብዛኛውም በጽሕፈት ስለሚሠራ፥ የዛፍ ሥሩ ሥርዓት እንዳለ ተነሥቶ ሊገባበት አይችልም።

ልጆችን በዓመት በዓመት ለያይቶ፥ ለየክፍሉ የራሱን መምህርና የራሱን ቤት መስጠት በዓለም ላይ ያን ያህል ጥንታዊ ልማድ አይደለም። በአሜሪካ እንዲህ ያለው አከፋፈል የተስፋፋው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1847 በቦስተን ከተማ የኩዊንሲ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ነው። ብዙ ልጆች ባንድ ቦታ በሚገኙበት ከተማ ይህ ሥርዓት ተስማሚ ነው። ልጆች በጥቂቱ ተበትነው በሚኖሩበት ገደላማ አገር ግን፥ ለ12 ልጆች አንድ ክፍል፥ ለ9 ልጆች ሌላ ክፍል ማቋቋም ስለማይቻል፥ ምርጫው ሁለት ብቻ ይሆናል፤ ወይም ክፍሎቹን ማጣመር፥ ወይም ሕፃናቱን ወንዝ አሻግሮ ሩቅ መንገድ ማስኬድ።

እንግዲህ ወደ ሥራው ውስጥ እንግባ። በትምህርት ቤቶቻችን የተለመደው አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። አንድ መምህር ይህን ለሦስት ክፍል ቢያካፍለው፥ ለያንዳንዱ የሚደርሰው 13 ደቂቃ ያህል ነው። ቀሪው 27 ደቂቃ በልጁ በራሱ እጅ ይቀራል። ወላጆች ሊያስተውሉት የሚገባው ትልቁ ነገር ይህ ነው። የተጣመረ ክፍል መልካም ወይም መጥፎ የሚሆነው በዚያ 27 ደቂቃ ነው። መምህሩ አስቀድሞ ሥራ ካዘጋጀበት፥ ልጁ ብቻውን ማሰብን ይለምድበታል፤ ካላዘጋጀበት ግን ልጁ ዝንብ ሲቈጥር ይውላል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ጥቁር ሰሌዳውን በጠመኔ ሁለት መስመር አስምሬ በሦስት እከፍለዋለሁ፤ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊትም የየክፍሉን ሥራ ጽፌ እጨርሳለሁ። የሁለተኛ ክፍል ልጆች ወደ ቀኝ፥ የሦስተኛ ወደ ፊት፥ የአራተኛ ወደ ግራ ዞረው ስለሚቀመጡ፥ ለአንዱ ስናገር የሌላው ዐይን በራሱ ሰሌዳ ላይ ይሆናል። መጀመሪያ ቃል የምሰጠው ለታናናሾቹ ነው፤ ብቻቸውን ብዙ መቈየት አይችሉምና። እነርሱን ሥራ አስይዤ ወደ ሦስተኛ፥ ከዚያም ወደ አራተኛ ክፍል እሻገራለሁ። ሥራው የከበደው ልጅ መጀመሪያ ሰሌዳውን ደግሞ ያነባል፤ ካልገባው ጎረቤቱን በቀስታ ይጠይቃል፤ ያም ካልሆነ አንዲት ጠጠር በጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። እኔም ጠጠሯን ባየሁ ጊዜ ወደ እርሱ እሄዳለሁ። በዚህ ዘዴ ጩኸቱ ይቀንሳል፤ እጁን ዘርግቶ ሲጠብቅ ጊዜው የሚያልፍበት ልጅም አይኖርም።

ማናቸውንም ትምህርት ግን በሦስት መክፈል ስሕተት ነው። ሒሳብና ንባብ እንደ ደረጃው መለየት ይገባዋል፤ ማባዛት ያልገባው ልጅ ማካፈልን አብሮ ሊማር አይችልምና። ተረት፥ መዝሙር፥ የጤና ጥበቃና የተፈጥሮ ትምህርት ግን ሁሉም ባንድነት ሊማሩት የሚችሉት ነው። ምሳሌ ልስጥ። ስለ ባቄላ ስናስተምር ሁሉንም ይዘን ወደ እርሻው ዳር እንወጣለን፤ ትምህርቱ አንድ ሲሆን ሥራው ሦስት ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጆች በየእሸቱ ውስጥ ያለውን ፍሬ ይቈጥራሉ፤ የሦስተኛ ክፍል ልጆች የአገዳውን ቁመት በሲባጎ ለክተው በሳንቲ ሜትር ይጽፋሉ፤ የአራተኛ ክፍል ልጆች የ5 እግር ባቄላ ፍሬ ይህን ያህል ከሆነ የ100 እግር ስንት እንደሚሆን ያሰላሉ፤ ያዩትንም ባንድ አንቀጽ ይጽፋሉ።

የዚህን ጥቅም በቍጥር እንመልከተው። በቀን 6 ክፍለ ጊዜ፥ ማለት 240 ደቂቃ ቢኖርና ሁሉም በሦስት ቢከፈል፥ ልጁ ከመምህሩ አፍ የሚሰማው 80 ደቂቃ ብቻ ነው። ከስድስቱ ሁለቱ ክፍለ ጊዜያት የጋራ ቢሆኑ ግን 133 ደቂቃ ያህል ይደርሰዋል። ልዩነቱ የመምህሩ ዕቅድ ነው። ስለዚህም የዚህ ክፍል መምህር ሥራው የሚበዛው በማታ ነው፤ ባንድ ቀን የሚያዘጋጀው የሦስት ቀን ያህል ነውና።

አሁን ወደ አባትየው ቅሬታ፥ ማለት ታላቁ ታናሹን ስለ ማስተማሩ እንመለስ። በዚህ ነገር እኔ ራሴ የሠራሁትን ስሕተት ሳልናገር ሌላውን ልመክር አይገባኝም።

ከዓመታት በፊት በአራተኛ ክፍል አንዲት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረችኝ። ንባቧ እንደ ውኃ የሚፈስ፥ ጠባይዋም ትዕግሥተኛ ነበር። ታናናሾቹ ከእኔ ይልቅ እርስዋን ይሰሙ ስለ ነበር፥ ሥራ በበዛብኝ ጊዜ ሁሉ «አንቺ፥ እስኪ አስነብቢያቸው» እላት ነበር። መጀመሪያ ባሳምንት አንድ ቀን ነበረ፤ በኋላ በየቀኑ ሆነ። ልጅቱም ደስ ይላት ስለ ነበር ጕዳቱ አልታየኝም። አንድ ቀን እናቷ ከገበያ ሲመለሱ በትምህርት ቤቱ በኩል አለፉና፥ ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «የኔታ፥ አይቈጡኝ። ልጄን ማታ ማታ ዛሬ ምን ተማርሽ ብዬ ስጠይቃት፥ ዛሬ ምን እንዳስተማረች ትነግረኛለች።»

እኒያ እናት ፊደል አልቈጠሩም፤ ነገር ግን እኔ ያላየሁትን አዩ። በማግሥቱ ልጅቱን ለብቻዋ አስቀምጬ ሒሳብ ብሰጣት፥ ባለ ሁለት አኃዝ አካፋይ ያለበትን ማካፈል ጭራሽ አታውቀውም። እኔ ለሌሎቹ ያን ሳስተምር፥ እርስዋ በሌላው ማዕዘን ታናናሾቹን ታስነብብ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት፥ «ጋሼ፥ እርስዎ ደክሞዎት ነበር» አለችኝ። ይህን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለብዙ ሳምንት ማካፈሉን አስተማርኋት፤ የጠፋውን ግን ሁሉ ልመልስላት አልቻልሁም፤ የዓመቱም ውጤቷ ከሚገባት በታች ሆነ።

በውጭ አገርም ይህንኑ ስሕተት በብዙ መጠን ሠርተውታል። የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ቄስ አንድሩ ቤል ከ1789 ጀምሮ በሕንድ አገር በማድራስ ለወታደሮች የሙት ልጆች በቆመ ትምህርት ቤት፥ ጆሴፍ ላንካስተርም ከ1798 ጀምሮ በለንደን፥ ጐበዝ ተማሪዎችን በሌሎች ላይ ሹመው ባንድ መምህር በመቶ የሚቈጠሩ ልጆችን የማስተማር ዘዴ አስፋፉ። ዘዴው ወጪው ትንሽ ስለ ሆነ በብዙ አገር ተወደደ። ነገር ግን ተሿሚው ልጅ የሚያውቀው ከሚያስተምረው ብዙም ስለማይበልጥ፥ ያስተላልፍ የነበረው የሰማውን ቃል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ዘዴው እየተተወ ሄደ። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረታችን ላላየው ነገር የሚያስተምረውን ይነቅፋል፤ በዚህ ስፍራ ግን ተረቱ የሚነቅፈው ልጁን ሳይሆን ያላቅሙ የሾመውን መምህር ነው።

እንግዲህ ታላቁ ታናሹን መርዳቱ ይቅር ማለቴ ነውን? አይደለም። ለሌላ የሚያስረዳ ልጅ የራሱንም እውቀት ያጠነክራል፤ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ታናሽ ሲገጥመው ያላስተዋለውን ያስተውላልና። ነገር ግን ወሰን ያስፈልገዋል። ከዚያች ልጅ በኋላ ያወጣሁት ሥርዓት ይህ ነው። ማንም ልጅ በቀን ከሩብ ሰዓት በላይ ሌላውን አይረዳም። ተራው ለሁሉም ይደርሳል፤ ደካማውም ቢሆን የሚያስረዳው አንድ ነገር አያጣም። የራሱ ክፍል አዲስ ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት ማንም ከቦታው አይነሣም። የረዳበትም ቀን በግድግዳው ሰሌዳ ላይ ስለሚጻፍ፥ ከተጻፈው ማምለጥ አልችልም።

መልካም ምሳሌ የሚሆን አገርም አለ። በደቡብ አሜሪካ በኮሎምቢያ፥ ከ1975 ጀምሮ ቪኪ ኮልበርትና የሥራ ጓደኞቿ እስኩዌላ ኑዌቫ፥ ማለት አዲስ ትምህርት ቤት የተባለውን አሠራር ለገጠር የተጣመሩ ክፍሎች አዘጋጁ። ከዘዴዎቹ አንዱ ለልጁ በራሱ የተጻፈ የመማሪያ መምሪያ ነው። ልጁ መምሪያውን ይዞ እንደ አቅሙ ይራመዳል፤ በእርሻ ሥራ ምክንያት ከትምህርት ቢቀርም፥ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ዓመቱ አይከስርበትም። ልጆቹም በመረጧቸው ተጠሪዎች አማካይነት የትምህርት ቤታቸውን ሥራ ይካፈላሉ። በዚህ አሠራር የተማሩት፥ በሌላው የገጠር ትምህርት ቤት ከተማሩት በአንዳንድ ትምህርት በልጠው እንደ ተገኙ ተመዝግቧል። ልብ በሉ፤ ያን 27 ደቂቃ የሚሞላው መምሪያው ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን ከልክ በላይ ላወድሰው አልፈልግም። የሆላንዱ ሊቅ ሲሞን ቬንማን በ1995 ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ 56 ጥናቶችን መርምሮ፥ የተጣመረ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ውጤታቸው ከሌሎቹ የማይበልጡም የማያንሱም መሆናቸውን ጽፎአል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በማግሥቱ ዓመት፥ ለተጣመረው ክፍል የሚመረጡት የተሻሉ ልጆችና የተሻሉ መምህራን ስለ ሆኑ እንጂ ጥቂት ጕዳት ሳይኖረው አይቀርም ብለው ተከራከሩ። የሁለቱም ወገን ቃል አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ክፍሉ መጣመሩ ብቻውን ልጅን አያድንም፥ ብቻውንም አያጠፋም።

አንድ ጥቅም ግን ሳልጠራጠር እመሰክርለታለሁ። በገጠራችን ከብት ሲጠብቅ ቈይቶ በ12 ወይም በ13 ዓመቱ ፊደል የሚጀምር ልጅ አለ። በእኩያ በተለየ ክፍል ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር ብቻውን ሲቀመጥ ያፍራል፤ ከጥቂት ወር በኋላም ይጠፋል። በተጣመረ ክፍል ግን በቁመት የሚመስሉት አጠገቡ ስላሉ እፍረቱ ይቀላል። ከ1986 ዓ. ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የተስፋፉት የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎችም፥ ከ7 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ልጆች ባንድነት ተቀብለው የአራት ዓመቱን ትምህርት በሦስት ዓመት ለመስጠት የታሰቡ ነበሩ። በዚህ ሁሉ ግን መምህሩ ዐይኑን መክደን የለበትም፤ ትልቁ ትንሹን እንዳይመታ፥ ምሳውን እንዳይቀማ፥ ይልቁንም ሴቶች ልጆች በዕረፍት ሰዓትና በመንገድ እንዳይደፈሩ መጠበቅ የመምህሩም የመንደሩም ግዴታ ነው።

ወደ ደብዳቤው ባለቤት ልመለስ። ወንድሜ ሆይ፥ ልጅዎን ከመስደድዎ በፊት ወደ መምህሩ ይሂዱና በትሕትና ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። አንደኛ፤ እርስዎ ሌላውን ክፍል ሲያስተምሩ ልጄ ምን ይሠራል? የሠራውንስ ማን ያርመዋል? ሁለተኛ፤ ልጄ በሳምንት ስንት ጊዜ ሌላውን ይረዳል? በዚያ ሰዓት የሚያመልጠውስ ትምህርት አለ? ሦስተኛ፤ ልጄ ከክፍሉ ደረጃ ወደ ኋላ የቀረው በየትኛው ትምህርት ነው? ትጉህ መምህር በዚህ አይቈጣም፤ ደብተሩን አውጥቶ ያሳይዎታል።

ከዚያም በቤትዎ ይፈትኑት። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ያንብብና በራሱ ቃል ይንገርዎ፤ አምስት የሒሳብ ጥያቄም ሠርቶ እንዴት እንደ ደረሰበት ያስረዳዎ። እርስዎ ሒሳቡን ባያውቁት እንኳ፥ ልጁ ሲያስረዳ ያወቀና ያላወቀ ይለያል። ማታ በመብራት «ምን ተማርህ?» ብቻ ሳይሆን «ብቻህን ምን ሠራህ?» ብለው ይጠይቁት። ግማሽ ሰዓትም የማይነካ ጊዜ ይስጡት፤ ውኃ ቅዳ፥ ጥጃ መልስ የማይባልበት።

የከተማውንም ነገር በሙሉ ይመዝኑ። በከተማ ልጁ በክፍሉ ለብቻው መምህር ይኖረዋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ባንድ ክፍል ስንት ልጆች ናቸው? ከትምህርት በኋላ በአክስቱ ቤት ተማሪ ይሆናል ወይስ ተላላኪ? ሲታመም፥ ሲፈራ፥ ሲከፋው የሚነግረው ማን ነው? የዐሥር ዓመት ልጅ የትምህርት ቀኑ ስድስት ክፍለ ጊዜ ቢሆን፥ ሌሊቱ ከዚያ ይረዝማል። እናቱ እንቢ ያሉት ይህን አስበው ይመስለኛልና ልቅሷቸውን እንደ ድካም አይቍጠሩባቸው።

የሦስቱ ጥያቄዎች መልስ መልካም ከሆነና ልጁም በፈተናው ከበረታ፥ እኔ ብሆን ቢያንስ የአራተኛ ክፍልን እስኪጨርስ በእናቱ ቤት አቈየዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ጕልበቱም አእምሮውም ለመንገዱ ይደርሳል። መልሱ መጥፎ ከሆነ ግን አስቀድመው ከሌሎቹ ወላጆች ጋር ሆነው መምህሩን ያነጋግሩ። መምህሩ ዕቅድ የጐደለው ስለ ደከመ እንደ ሆነ፥ መንደሩ ማገዶውን፥ ውኃውንና የቤቱን ጥገና ቢችልለት ማታ የሚያቅድበት ጊዜ ያገኛል። ይህም ተሞክሮ አንድ የትምህርት ወቅት ካለፈና ልጁ አሁንም ዝንብ ሲቈጥር ከዋለ፥ ያን ጊዜ ልጁን ወደ ከተማ መላክ ጭካኔ አይባልም፤ እናቱም ምክንያቱን በዐይናቸው አይተውታልና በልባቸው ይስማማሉ ብዬ አምናለሁ።

መምህሩ የመለሰልዎትን ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ምናልባት ከእርሱ መልስ እኔም የምማረው ይኖራል፤ ከእኒያ እናት እንደ ተማርሁት።